ከሠርግ ፎቶዬ ላይ ፊቴን ወስደው የራቁት ምስል ሲሠሩብኝ ያደረግኩት

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ለደረሰባት ሰው ነው። ምናልባት አሁን ስልክሽን ጨብጠሽ ለማን ልንገር እያልሽ ይሆናል። ስለዚህ ታሪኬን ላቆየውና የሚያስቸኩለውን ላስቀድም።

ገንዘብ ከጠየቀሽ አትላኪ። አንዴ የከፈለች ድጋሚ ትከፍላለች ብለው ነው የሚያስቡት። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ። ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጊ፤ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ይታዩ። የአካውንት ስም በደቂቃ ይቀየራልና ሊንኩን ለብቻው ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ደውዪ። ምስሉን ግን «ምን እንዳደረጉኝ እይልኝ» ብለሽ ለማንም አትላኪ። ለወዳጅ የተላከም ቢሆን ከእጅ ይወጣል።

ተጎጂዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ነገሩ ይለያል። ያኔ ምስሉን አታስቀምጪ፣ ስክሪንሾትም አታድርጊ፣ ለማስረጃ ብለሽም ቢሆን። አሜሪካ ውስጥ የሕፃን የወሲብ ምስል መያዝ በራሱ ከባድ ወንጀል ነው። ሊንኩንና የአካውንቱን ስም ብቻ መዝግቢ። ስለ ልጆች ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ በሀበሻ ቀሚስ የተነሳሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ ሰው ያን ፎቶ ወስዶ የራቁት ምስል አደረገው። ሹሩባዬ እንዳለ ነው። የጆሮ ጌጤ እንዳለ ነው። ፈገግታዬም የዚያን ቀኑ ነው። ከአንገት በታች ያለው ገላ የእኔ አይደለም፤ ለማያውቀኝ ሰው ግን ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

ይህን ለመሥራት ሙያ አያስፈልግም። ፎቶ አስገብቶ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐቃቤ ሕግ በኦገስት 2024 ሴቶችን በፎቶ ራቁት የሚያደርጉ 16 ድረ ገጾችን ከሶ ነበር። ገጾቹ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ 6 ወራት ብቻ ከ200 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎብኝተዋል ብሏል። ገና በ2019 ዲፕትሬስ የተባለ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን የዲፕፌክ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የተቀነባበሩ የሐሰት ቪዲዮዎች ሲቆጥር፣ 96 በመቶዎቹ የወሲብ ነበሩ። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ምርጫና ፖለቲካ ነው። በብዛት የሚጎዳው ግን እኛን ሴቶችን ነው። ወንዶች ላይም ይደርሳል፤ የምጽፈው ለእነሱም ይሠራል።

ምስሉ መውጣቱን የሰማሁት ከማኅበር ጓደኛዬ ነው። በየወሩ በየተራ ቤታችን የምንሰበሰብ ሴቶች አለን፤ የስልክ ግሩፕም አለን። አንድ የማናውቀው አካውንት ገብቶ እዚያ ለቀቀው። ወዲያው ለእኔ መልእክት መጣ። 2,000 ዶላር ካልላክሽ ለእናትሽ፣ ለመሥሪያ ቤትሽና ለቤተ ክርስቲያንሽ ሰዎች ይደርሳል ይላል። የእናቴን ስም ጠርቶ ነው የጻፈው።

ማን እንደሠራው አሁን ይታወቃል። የማውቀው ሰው ነው። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ጠበቃዬ መክራኛለች። ገንዘቡን ሊቀበልለት የነበረው ሰው ግን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የአገር ቤቱንም ሕግ ለማወቅ ተገድጃለሁ።

የግሩፓችን ኃላፊ ታላቃችን ናት። መጀመሪያ ማስረጃውን ለእኔ አስቀረችልኝ፣ ከዚያ ምስሉን ከግሩፑ አጠፋችው። ቀጥላ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች። «ያስቀራችሁ አጥፉ። ያስተላለፈ ከእኛ ጋር የለም።» ስሜን አላነሳችም፣ ሐሰት ነው እውነት ነው ብላም አልተከራከረችም። ግሩፕ የምትመሩ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እንደ እሷ አድርጉ።

ሌላው ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። «እውነት አንቺ ነሽ?»

በክፋት የጠየቁኝ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ሊያጽናኑኝ ነው የደወሉት። «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ያለችም ግን ነበረች። እኔም ማስረዳት ያዝኩ። ትከሻዬ ላይ ያለው ምልክት እዚህ የለም፤ ጣቶቹን ልብ ብለሽ እዪ፤ የቆዳው ቀለም አንገት ላይ ይለያያል። የራሴን ገላ ለሰው እየገለጽኩ ንጹሕነቴን ላረጋግጥ ስሞክር ዋልኩ። ሰውዬው ምስሉን የሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ስልክ ላይ እንደገና ልብሴን ያወለቅኩ መሰለኝ።

እማዬ ከእሱ ከምትሰማ ከእኔ ትስማው ብዬ አዲስ አበባ ደወልኩ። ለመናገር አቅቶኝ ዝም አልኩ። ከዚያ እንደምንም ነገርኳት። እሷም ትንሽ ቆየችና «ገላሽን አጥቤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። የማን ገላ እንደሆነ ለእኔ ሊነግረኝ ነው?» አለችኝ። «በይ አሁን ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ እህል ቅመሺ።»

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ኃጢአቱ የሠሪው ነው፤ አንቺ የምትናዘዢው የለም» አሉኝ። ለሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣ ነገር እንዳይከፍቱ ራሳቸው ነገሩልኝ። ሥራ ቦታ ለአለቃዬ ነግሬ በጽሑፍ እንዲያዝልኝ አደረግኩ። ሰውዬው እነግራለሁ ያላቸው ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ስላወቁ የሚያስፈራራበት ነገር እያነሰ ሄደ። ቤተሰብሽ እንደ እኔ ቤተሰብ ካልሆነ፣ ማለትም መንገሩ ራሱ አደጋ ካለው፣ ይህን አታድርጊ። ያንን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የእናቴ ቃል ብርታት ሰጠኝ። ግን ቆይቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ገላው የእኔ ቢሆንስ ኖሮ? ለእጮኛዋ በፍቅር የላከችው ፎቶ የተበተነባት ሴት «እኔ አይደለሁም» ማለት አትችልም። የእሷ ነውር ከእኔ ይብሳል? እሷም እንደ እኔ አልፈቀደችም። ሁላችንም «እውነት አንቺ ነሽ?» ስንል እሷን ብቻዋን ትተናት እየሄድን ነው። እኔም በዚያ ሁሉ ማስረዳት ውስጥ «እኔ ንጹሕ ነኝ» ስል፣ «እሷ ግን አይደለችም» እያልኩ ነበር ማለት ነው።

ሕጉን ሳነብ በጣም ያስደሰተኝ ይኸው ነው። ሕጉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ አይጀምርም። ፈቅደሻል ወይ ነው የሚለው።

ቴክ ኢት ዳውን አክት ይባላል፤ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ነው። ሪፐብሊካኑ ቴድ ክሩዝና ዴሞክራቷ ኤሚ ክሎቡሻር ናቸው ሴኔት ውስጥ ያቀረቡት። ሴኔቱ በፌብሩዋሪ 2025 ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው። የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 28 ቀን 409 ለ 2 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሜይ 19 ቀን 2025 ፈረሙበት፤ ባለቤታቸው ሜላኒያም ለሕጉ ብዙ ቀስቅሰዋል። ዋሽንግተን ውስጥ ሁለቱ ፓርቲዎች እንዲህ የሚስማሙበት ነገር ብዙ አይደለም።

ለዚህ ያበቁት ታዳጊ ልጆች ናቸው። በ2023 መጸው ላይ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅና ጓደኞቿ በክፍል ጓደኛቸው እጅ እንዲህ ያለ ምስል ተሠራባቸው። ኒው ጀርሲ ውስጥም በዚያው ሰሞን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የቴክሳሷ ልጅ ምስል እስኪነሳ ወደ 9 ወር ፈጅቷል። የተነሳውም የሴናተር ክሩዝ ቢሮ ደውሎ ነው። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የታዋቂዋ ዘፋኝ የቴይለር ስዊፍት የተቀነባበሩ ምስሎች ኢንተርኔቱን ሞሉት፤ ያኔ ዓለም ሁሉ ሰማ። እኔ ግን የማከብረው ልጆቹን ነው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ እኔ ለጎረቤት መንገር ያቃተኝን ነገር ምክር ቤት ፊት ቆመው ተናገሩ።

ሕጉ ምን ይላል? አንድ የሚታወቅን ሰው የሚያሳይ የራቁት ወይም የወሲብ ምስል ያለፈቃዱ ማሰራጨት ወንጀል ነው። እውነተኛ ፎቶም ይሁን በኮምፒዩተር የተሠራ፣ ሁለቱም እዚያው ሕግ ውስጥ ናቸው። የተሠራ ሲሆን አንድ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ሲያየው ከእውነተኛው የማይለየው መሆን አለበት። ስለዚህ ካርቱን አይገባበትም። ተጎጂው አዋቂ ከሆነ እስከ 2 ዓመት፣ ልጅ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። አሰራጫለሁ ብሎ ማስፈራራትም ለብቻው ወንጀል ነው፤ በተሠራ ምስል ማስፈራራት አዋቂ ላይ እስከ 18 ወር፣ ልጅ ላይ እስከ 30 ወር ያሳስራል። ይህ ክፍል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ የሚሠራ ነው። ፎቶውን መጀመሪያ ስትነሺ ፈቅደሽ መሆኑ፣ ወይም ለአንድ ሰው ልከሽ መሆኑ፣ እንዲሰራጭ ፈቅደሻል አያሰኝም። ሕጉ ይህን በግልጽ ጽፎታል።

ሁለተኛው ክፍል ድርጅቶቹን ይመለከታል። ሰው የፈለገውን የሚለጥፍባቸው ድረ ገጾችና አፖች፣ ተጎጂዋ ስትጠይቅ በ48 ሰዓት ውስጥ ምስሉን ማንሳት አለባቸው። የሚያውቋቸውን ተመሳሳይ ቅጂዎችም ለማንሳት መጣር አለባቸው። ለዚህ ዝግጅት አንድ ዓመት ተሰጥቷቸዋል፤ ቀነ ገደቡ ሜይ 19 ቀን 2026 ነው። እምቢ ያለውን የሚጠይቀው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው።

ጥያቄው አራት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ፊርማሽ፣ ምስሉ ያለበት ሊንክ፣ ያለፈቃድሽ እንደወጣ በቅን ልቦና እንደምታምኚ የሚገልጽ አጭር ቃል፣ እና አንቺን የሚያገኙበት አድራሻ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፤ «በዚህ ሊንክ ያለው የወሲብ ምስል እኔን ያሳያል። የወጣው ያለፈቃዴ ነው። ይህን የምለው በቅን ልቦና ነው። እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ።» በእንግሊዝኛ የሚጽፍልሽ ሰው ፈልጊ። ሌላ ሰው በስምሽ እንዲጠይቅልሽም መወከል ትችያለሽ። ገላው የእኔ አይደለም ብለሽ መከራከር አይጠበቅብሽም። ትከሻሽ ላይ ያለውን ምልክት ማንም አይጠይቅሽም።

የእኔ ጉዳይ የሆነው ሕጉ ተፈርሞ ያ አንድ ዓመት ሳያልቅ ነው። ስለዚህ 48 ሰዓቱ አልደረሰልኝም። አንዱ ድርጅት ሪፖርቴን ሁለቴ ውድቅ አደረገው፤ የሚመልሰው ማሽን ይሁን ሰው አላውቅም። በኋላ አንዲት የኮምፒዩተር ሰው የሆነች ጓደኛዬ ሪፖርት የማደርግበትን ምርጫ አስቀየረችኝ። «የሐሰት አካውንት» ወይም «ማዋከብ» የሚለው ሳይሆን «ያለፈቃድ የወጣ የግል ምስል» የሚለውን ምረጪ አለችኝ። እንደዚያ ስናደርግ ተነሳ። ሪፖርት ስታደርጊ ይህን ምርጫ ሳታገኚ አታቁሚ። አንዳንዴ ሦስት አራት ገጽ ወደ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። የሪፖርቱን ቁጥርና የመለሱልሽን መልስ ደግሞ አስቀምጪ።

ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ። እንግሊዝ አገር ያለ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። ስሰማ ፈራሁ። ምስሉን ደግሞ ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው ብዬ። አሠራሩ ግን እንዲያ አይደለም። ምስሉ ከስልክሽ አይወጣም። እዚያው ስልክሽ ላይ እንዳለ አንድ የተለየ የቁጥር መለያ ይወጣለታል፤ የሚላከው ይህ መለያ ብቻ ነው። ልክ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ከአሻራው ፊትን ማወቅ አይቻልም። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምን፣ ቲክቶክንና ሬዲትን የመሳሰሉ ድርጅቶች ያ መለያ ያለው ምስል ሲጫን ያግዱታል። የተቀነባበረ ምስልንም ይቀበላል። ዕድሜሽ 18 የሞላ መሆን አለበት። ድክመትም አለው። ምስሉ በጣም ከተቀየረ መለያው አይገጥምም፤ ስምምነቱ ውስጥ ያልገቡ አፖችንም አይነካም። ቢሆንም አንዴ የማይወጣ መስሎኝ የነበረው ፍርሃት የቀለለኝ ያንን ከሞላሁ በኋላ ነው።

ጉግልም ስምሽ ሲፈለግ የተቀነባበረው ምስል እንዳይወጣ የምትጠይቂበት ቅጽ አለው። ምስሉን ከድረ ገጹ አያጠፋውም፤ ከፍለጋው ብቻ ያወጣዋል። ለሥራ ስታመለክቺ ስምሽን የሚፈልግ ሰው ስላለ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ፍለጋውን ግን አንቺ አታድርጊ። እኔ ያን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እሷ ትፈልጋለች፣ ሊንክ ትይዛለች፣ እኔ እፈርማለሁ። ያንን ምስል ደጋግሞ ማየት እንቅልፍ ይነሳል።

ስለ ፖሊስ ልንገርሽ። በምኖርበት ከተማ ጣቢያ ሄጄ ስናገር የተቀበለኝ ፖሊስ «ገላው ያንቺ ካልሆነ ምን ወንጀል አለ?» አለኝ። ተመለከትሽ? ያው ጥያቄ ነው፣ በሌላ በኩል ዞሮ። እውነት ከሆነ የእኔ ጥፋት፤ ሐሰት ከሆነ ጉዳት የለም።

ስመለስ የቨርጂኒያን ሕግ አትሜ ይዤ ሄድኩ። አንቀጽ 18.2-386.2 ነው። ቨርጂኒያ ይህን ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አስፍታዋለች፤ የሰው ምስል ተወስዶ የተሠራ ወይም የተቀየረ የራቁት ምስልንም ይጨምራል። ለማስገደድ፣ ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት ብሎ ያሰራጨ ሰው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣዋል። ክሱ ምስሉ በተሠራበት ብቻ ሳይሆን በደረሰበት ወይም በተገኘበት ቦታም ሊታይ ይችላል። «ሰውዬው ሌላ ስቴት ነው» ቢሉሽ ይህን አሳዪ። አብዛኞቹ ስቴቶች ዛሬ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ያንቺን ፈልገሽ አትሚ። ወረቀቱ ፊቱ ሲቀመጥ ሁለተኛው ፖሊስ ተቀምጦ አነበበው፣ ከዚያ ቃሌን ተቀበለ። የሪፖርት ቁጥር ሳትይዢ ከጣቢያ አትውጪ።

ከእኛ ሰው ብዙው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ባይቀበልሽ ራስሽ ማጂስትሬት፣ ማለትም የእስር ማዘዣ የሚሰጥ የፍርድ ቤት ሹም ዘንድ ሄደሽ የወንጀል አቤቱታ ማቅረብ ትችያለሽ። ገንዘብ የጠየቀሽ ከሆነ ደግሞ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ክፍል በኦንላይን አመልክቺ። እንግሊዝኛ ይከብደኛል ብለሽ አትቅሪ፤ አስተርጓሚ ጠይቂ። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብለሽ የፈራሽም ከሆነ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጥ ዩ ቪዛ የሚባል አለ፤ ብላክሜይልና በማስፈራራት ገንዘብ መጠየቅ እሱን ከሚያስጠይቁ ወንጀሎች ውስጥ ናቸው። ይህ ማለት ታገኛለሽ ማለት አይደለም፤ ግን ጠበቃ ሳትጠይቂ ዝም አትበዪ።

አዲስ ሕግ ወጣ ብዬ ሁሉም አልቋል አልልም። የፌዴራሉ ሕግ የሚቀጣው ማሰራጨትንና ማስፈራራትን ነው። ሠርቶ ስልኩ ውስጥ ያስቀመጠውን አዋቂ ሰው ምስል አይነካም። ኢሜይልም ከ48 ሰዓቱ ግዴታ ውጭ ነው። ድርጅቱ ባያነሳልሽ አንቺ ራስሽ በዚህ ሕግ ልትከሺው አትችዪም። ተጎጂዋ ሠሪውን በፍትሐ ብሔር እንድትከስ የሚፈቅድ ዲፋያንስ አክት የሚባል ረቂቅ ሴኔቱ በ2024 አሳልፎት ነበር፤ በዚያ የምክር ቤት ዘመን ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ2022 ሥራ ላይ የዋለ ሌላ የፌዴራል ሕግ ምስሏ ያለፈቃዷ የወጣባት ሰው የደረሰባትን ጉዳት ወይም 150,000 ዶላር ካሳ እንድትጠይቅ ይፈቅዳል፤ ዲፕፌክን ግን በስም አይጠራም። የመናገር ነጻነት ተሟጋቾችም ይሰጋሉ። የ48 ሰዓቱ ደንብ ሐቀኛ ያልሆነ ሰው የማይወደውን ጽሑፍ ሁሉ እንዲያስነሳ መንገድ ይከፍታል ይላሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም፤ መስተካከል ያለበት ይስተካከል። ግን 9 ወር የጠበቀችውን ልጅ ሳስብ፣ ሕጉ ከሌለ ካለ ይሻላል እላለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ሰው ለእህቴም የማስፈራሪያ መልእክት ልኮ ስለነበር እሷ ራሷ ከሳሽ ሆነች። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሲወጣ እንዲህ ያለ አፕ በየሰው እጅ አልነበረም። ስለ ዲፕፌክ የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን አንቀጽ 13 ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይም ሌላ ማናቸውንም ምስል በማሰራጨት ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን ይቀጣል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የሰውን ክብርና ስም የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨትም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፤ ይህኛው ግን ተጎጂዋ አቤቱታ ካላቀረበች አያስከስስም። ስለዚህ «ፖሊስ ያውቀዋል» ብለሽ አትጠብቂ። አንቀጽ 12 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚመስል ሰው የሚታይበትን የወሲብ ምስልም ይከለክላል። ከሁሉ የገረመኝ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አያቶቻችን በፎቶግራፍ ዘመን ፈቃድ የሚለውን ነገር ጽፈውታል። አሁን የሚያስፈልገው የወንጀሉ ሕግ ያንኑ እንዲል ነው፤ ስም ጠፋ አልጠፋ፣ እውነት ነው ሐሰት ነው ከማለት በፊት ፈቅዳለች ወይ ብሎ እንዲጠይቅ።

እህቴ ጣቢያ የሄደችው መልእክቶቹን አትማ፣ ስልኳንም ይዛ ነው። ገንዘብ ሊቀበል የነበረው ሰው ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ መልእክት አልመጣም።

ስለ ልጆች ያልኩትን ልጨርስ። ልጅሽ ላይ ከደረሰ መጀመሪያ ስልኳን አትንጠቂ፤ ለምን ፎቶ ለጠፍሽ ብለሽም አትቆጪ። የት እንዳየችው፣ ማን እንደላከላት በረጋ ድምፅ ጠይቂያት። ለትምህርት ቤቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቂ፤ የላክሽበትን ቀን ያዢ። ሠሪው ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ያለ ልጅ ነው። የእሱ እናትም የእኛው ሰው ልትሆን ትችላለች። በሽማግሌ እንጨርሰው የሚል ይመጣል። ሽማግሌ ይቅርታ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ምስሉን ከኢንተርኔት ማውረድ ግን አይችልም። ስለዚህ ሪፖርቱ ይቅደም።

አሜሪካ ውስጥ ለልጆች የሚሠራው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው። ከሕጉ ጋር ስሙ አንድ የሆነ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለው፤ ሁለቱን አታምታቺ። አሠራሩ ስቶፕ ኤንሲአይአይን ይመስላል፤ ምስሉ ከስልክ አይወጣም፣ ስምም አይጠየቅም። አሁን 18 የሞላትም ብትሆን ምስሉ ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነ ትጠቀምበታለች። በስልክም ሪፖርት ይቀበላሉ፤ ቁጥሩ 1-800-843-5678 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል።